የአመጋገብ መዛባትን በመጠይቅ መለየትና የጾም ወቅት

የአመጋገብ መዛባትን ለመለየት በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው ባለ 26 ጥያቄ መጠይቅ ነው። አንዱ ጥያቄ መላሹ እየራበው ከመብላት ይቆጠብ እንደሆነ ይጠይቃል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ተማሪ «ሁልጊዜ» ብትል መልሷ እውነት ነው፤ ሕመም ግን አይደለም።

ሌላው ጥያቄ ሐሳብ በምግብ ስለ መያዙ ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ወራት ያህል ምግባቸው ሲቀነስ ስለ ምግብ አብዝተው ማሰብ ጀመሩ፤ ብዙዎቹ በድብርት ተያዙ፤ የልብ ምታቸውም ዘገመ። እንግዲህ የሕመሙ መንስኤ ተደርገው ከሚወሰዱት ጠባዮች አንዳንዶቹ የረኀብ ውጤቶች ናቸው ማለት ነው።

በአኖሬክሲያ ነርቮሳ የተያዘች ሴት የምትለየው ከስታም እንኳ ውፍረትን አጥብቃ በመፍራቷ ነው። ጾም ደግሞ ይህን ፍርሃት ሊሸፍንላት ይችላል፤ ከቤተሰብም ከሐኪምም የሚያዘገያት ይህ ይመስለኛል። በእኔ አስተያየት ልየታው በበዓለ ኀምሳ ሊደገም ይገባል። በእነዚያ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ፣ ከገበታ የምትርቅ ሴት ምክንያቷን በጾም ልታስረዳ አትችልም።