የአድማጭ አስተያየት አጻጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ አንድን ሳይንስ ነክ ዝግጅት አዳምጣችሁ በማስረጃ የተደገፈ አስተያየት በሦስት አንቀጽ መጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. መግቢያ

በአገራችን የሬዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ትምህርት በሬዲዮ ወደ መማሪያ ክፍሎች ገብቷል። ዛሬ ደግሞ ፖድካስት የሚባለው ዝግጅት ተጨምሯል። ፖድካስት ተቀርጾ በኢንተርኔት የሚሰራጭና አድማጩ በፈለገው ሰዓት በስልኩ የሚያዳምጠው ዝግጅት ሲሆን፣ ስሙም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

በሁለቱ መካከል ለጸሐፊ የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። የሬዲዮ ቃል አንዴ ከተነገረ ያልፋል፤ ፖድካስት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊደመጥ ይችላል። ስለዚህ የተባለውን አዛብቶ የሚጠቅስ የፖድካስት አድማጭ «በደንብ አልሰማሁም ነበር» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።

አስተያየት ስሜት ብቻ አይደለም። «ወደድሁት» ወይም «አልወደድሁትም» ማለት የስሜት መግለጫ ነው። አስተያየት ግን ፍርድ ነው፤ ፍርድም ማስረጃ ይፈልጋል። በተለይ ዝግጅቱ ጤናን፣ እንስሳትን፣ ውሃን ወይም አዝመራን የሚመለከት ሲሆን፣ ያለ ማስረጃ የተሰጠ ምስጋናም ሆነ ያለ ማስረጃ የተሰጠ ነቀፌታ ሰውን ወደ ስሕተት ሊመራ ይችላል።

ለ. ለትምህርቱ የቀረበ ምሳሌ

በሐረር ከተማ የምትማሩ ተማሪዎች ናችሁ፣ «ጅብና ሰው በሐረር» ስለሚል ርእስም የግማሽ ሰዓት ዝግጅት አዳምጣችኋል እንበል። አዘጋጁ የሚከተሉትን ነጥቦች አቀረበ።

1. ነጠብጣብ ባለበት የጅብ ዝርያ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፤ መንጋውንም ይመራሉ። ግልገልም የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል።
2. ይህ ጅብ ጥንብ ብቻ የሚበላ አይደለም፤ በብዙ ስፍራ ራሱ አድኖ ይበላል።
3. በጀጎል ግንብ ላይ ጅቦች የሚተላለፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ከግንቡም ውጭ ማታ ማታ ለጅቦች ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች አሉ።
4. ጅቦች የእንስሳት ሬሳን በመብላት 207 ቶን ቆሻሻ በየዓመቱ ያስወግዳሉ።
5. የሐረር ጅብ ሰውን አይነካም።

ዝግጅቱን ያዳመጡ ሁለት ተማሪዎች እንደሚከተለው ጻፉ።

የመጀመሪያው ተማሪ፦ «ዝግጅቱ እጅግ ግሩም ነው። የአዘጋጁ ድምፅ ያምራል። ብዙ ዕውቀት አግኝቻለሁና ይቀጥል እላለሁ።»

ሁለተኛው ተማሪ፦ «ዝግጅቱ ውሸት ነው። እኛ ሐረር ተወልደን ያደግን ስለ ጅብ ከሌላ ሰው የምንማረው የለም። ጅብ ፈሪና ጥንብ በሊታ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?»

ሐ. ማብራሪያ

የመጀመሪያው ተማሪ አመሰገነ እንጂ አስተያየት አልሰጠም። «ብዙ ዕውቀት» ያለው ምን እንደ ሆነ አልነገረንም። «ጅብ» የሚለው ቃል እንኳ በጽሑፉ ውስጥ ስለሌለ፣ ይህንኑ ምስጋና ስለ ቡና ወይም ስለ ጨረቃ ለሚቀርብ ዝግጅት ሊልከው ይችላል። ለሁሉም የሚስማማ ምስጋና ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ተማሪ ደግሞ የአገሩን ልጅነት እንደ ማስረጃ አቀረበ። የአገር ልጅ መሆን በእርግጥ ማስረጃ ይሆናል፤ ነገር ግን ለታየው ነገር ብቻ ነው። ይህ ተማሪ በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉትን የግንቡን ቀዳዳዎች ከማንም እንግዳ ይልቅ ያውቃቸዋል። ስለዚህ አዘጋጁ በሦስተኛው ነጥብ ቢሳሳት ኖሮ ሊያርመው ይችል ነበር። ጅብ ከከተማ ርቆ በሜዳ ሌሊት የሚያደርገውን ግን በመንደሩ በማደጉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትለው የደረሱበትን ነገር «የማያውቅ ማን አለ?» በሚል ጥያቄ ማፍረስ አይቻልም።

እንግዲህ አንድ አድማጭ ከመጻፉ በፊት ራሱን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ምን ተባለ? የአዘጋጁን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በምን ተረጋገጠ? አራተኛውን ነጥብ እንመልከት። 207 ቶን የሚለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2021 ከታተመ ጥናት የተገኘ ነው። ጥናቱ የተካሄደው ግን በመቀሌ እንጂ በሐረር አይደለም፤ ቁጥሩም ግምት ነው። ከዚህም በላይ ያ መጠን በመቀሌ በየዓመቱ ከሚጣለው የእንስሳት ሬሳ ከመቶ 4.2 እጅ ብቻ መሆኑን ጥናቱ ራሱ ይገልጻል። ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ «የት? መቼ? ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ አቀራረቡ ሊያሳስት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምን ቀረ? አምስተኛው ነጥብ ለጆሮ ደስ ይላል፤ አደጋ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ጅብ የዱር አውሬ ነው። በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ስፍራዎች በሰው ላይ ጉዳት አድርሷል፤ የእብድ ውሻ በሽታንም ሊያስተላልፍ ይችላል። የሚያበሉት ሰዎች ከጅቦቹ ጋር ለረጅም ጊዜ የተላመዱ ናቸው። ዝግጅቱን የሰማ ሕፃን ግን ይህን ልዩነት ሳያውቅ በጨለማ ወደ ጅብ ቢቀርብ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። እንግዲህ «አይነካም» የሚለውን ቃል የሚያርም አድማጭ ለዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን ለሰው ሕይወትም ተጨነቀ ማለት ነው።

መ. ሰዋስው

1. የግሥ ምርጫ። የሌላውን ሰው ቃል ስንጠቅስ የምንመርጠው ግሥ የነገሩን እርግጠኝነት ይለካል። የሚከተሉትን አስተያዩ።

ሀ) ጥናቱ ጅቦች 207 ቶን እንደሚያስወግዱ አረጋገጠ።
ለ) ጥናቱ ጅቦች 207 ቶን እንደሚያስወግዱ ገመተ።
ሐ) ጅቦች 207 ቶን ያስወግዳሉ ይባላል።

ከሦስቱ ትክክለኛው «ለ» ነው። «ሀ» ጥናቱ ያላለውን ይጨምርበታል። «ሐ» ደግሞ ባለቤቱን ይሰውራል፤ «ይባላል» ሲባል ማን እንዳለው አይታወቅምና። ባለቤቱ የታወቀ ነገር በ«ይባላል» አይጠቀስም።

2. ቀጥተኛና ኢቀጥተኛ ንግግር። የአዘጋጁን ቃል እንዳለ ስንወስድ በትእምርተ ጥቅስ እናስገባዋለን፦ «ሴቶቹ መንጋውን ይመራሉ» አለ። በራሳችን አነጋገር ስንገልጸው ግን ትእምርተ ጥቅሱ ይቀርና ግሡ ይለወጣል፦ ሴቶቹ መንጋውን እንደሚመሩ ተናገረ። የምትነቅፉትን ቃል ሁልጊዜ በቀጥተኛ ንግግር ጥቀሱ። አንባቢ የአዘጋጁን ቃል ከእናንተ ቃል ለይቶ ሊፈርድ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

3. የ«ግን» ቦታ። «ዝግጅቱ ጠቃሚ ነው፤ ግን ያሰለቻል» እና «ዝግጅቱ ያሰለቻል፤ ግን ጠቃሚ ነው» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ቃላቸው አንድ ሲሆን ፍርዳቸው ይለያያል። በአንባቢ ልብ የሚቀረው ከ«ግን» በኋላ የመጣው ነው። ስለዚህ ዋናው ፍርዳችሁን ከ«ግን»፣ ከ«ሆኖም» ወይም ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ አድርጉት።

ሠ. የአስተያየት ናሙና

«ጅብና ሰው በሐረር» የተባለውን ዝግጅት አዳምጫለሁ። በእኔ አስተያየት ዝግጅቱ ጅብን ከስድብ ያወጣ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንድ አደገኛ ቃል እርማት ያስፈልገዋል።

አዘጋጁ ሴቶቹ ጅቦች መንጋውን እንደሚመሩና ጅብ ራሱ አድኖ እንደሚበላ አስረድቷል። እኔ ጅብ ጥንብ ብቻ የሚበላ ይመስለኝ ነበርና ይህን በመማሬ ተደስቻለሁ። ስለ ጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች የተናገረውም እኛ የከተማው ልጆች በየዕለቱ ከምናየው ጋር ይስማማል።

ይሁን እንጂ በመጨረሻው ክፍል «የሐረር ጅብ ሰውን አይነካም» ብሏል። ለዚህ ያቀረበው ማስረጃ ማታ ማታ የሚያበሉትን ሰዎች ብቻ ነው። እነርሱ የተላመዱ ናቸው፤ አድማጩ ግን አልተላመደም። በጅብ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ቢነገር መልካም ነበር። 207 ቶን የተባለውም በመቀሌ የተገኘ ግምት መሆኑ ቢገለጽ የተሻለ ይሆናል። አዘጋጁ በሚቀጥለው ክፍል እነዚህን ሁለት ነጥቦች እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በዚህ ናሙና ኃይለ ቃሉ በመጀመሪያው አንቀጽ ተቀምጧል። ሁለተኛው አንቀጽ መልካሙን፣ ሦስተኛው ጉድለቱን ይዘረዝራል። ጸሐፊው ቀድሞ ያምንበት የነበረውን ነገር መለወጡን አልደበቀም። አዘጋጁን አልሰደበም፤ ቃሉን መረመረ። በመጨረሻም ሊደረግ የሚገባውን ነገር ለይቶ ጠየቀ።

ረ. መልመጃ

1. የመጀመሪያውን ተማሪ አስተያየት፣ ምስጋናውን ሳታስቀሩ፣ ቢያንስ ሁለት ማስረጃዎች ጨምራችሁ እንደገና ጻፉት።

2. የሁለተኛው ተማሪ አስተያየት ምን እውነት አለው? የቱ ላይስ ከሚያውቀው ወሰን አለፈ? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

3. የሚከተሉትን ወደ ኢቀጥተኛ ንግግር ለውጡ።
ሀ) አዘጋጁ «ግልገል የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል» አለ።
ለ) አድማጯ «ቁጥሩ ከየት እንደ ተገኘ አልሰማሁም» አለች።

4. በሐረር በዓሹራ በዓል ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ። ጅቦቹ ገንፎውን ከበሉ ዘመኑ መልካም እንደሚሆን ይባላል። ስለዚህ ልማድ ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቁ። ከዚያም ሳይንስ ሊመረምረው የሚችለውን ነገር ከእምነት ለይታችሁ፣ እምነቱን ሳትነቅፉ ጻፉ። «ይባላል» የሚለው ግሥ እዚህ ላይ ለምን ተገቢ እንደ ሆነም አስረዱ።

5. በሬዲዮ ወይም በፖድካስት አንድ ሳይንስ ነክ ዝግጅት አዳምጡ። የዝግጅቱን ስም፣ ያዳመጣችሁበትን ቀንና ዋና ዋና ነጥቦቹን በማስታወሻ ያዙ። ሦስቱን ጥያቄዎች መልሱና ከ120 እስከ 150 ቃላት ያለው አስተያየት በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ከጎናችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተለዋውጣችሁ፣ ማስረጃ በሌለው ፍርድ ሥር ሁሉ እርስ በርሳችሁ አስምሩ።