በዝግጅት ላይ ያለውን ስላይድ በአጭር መንገድ ስለ መመልከት

ለሰው የሚታይ ሥራ ሁሉ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሠሪው ሥራው በእጁ ሳለ የሚያየው ነው፤ ሁለተኛው ከተመልካች ፊት በቀረበ ጊዜ የሚታየው ነው። በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ በፕሮጀክተር በግድግዳ ላይ የሚበራው ትምህርትም እንዲሁ ነው። በመሥሪያው ገጽ ላይ ያማረው ጽሑፍ በግድግዳ ላይ ሲበራ በሥዕል ተሸፍኖ ወይም ቀለሙ ደብዝዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ትምህርቱን በሚያዘጋጅበት ጊዜ ተመልካቹ በሚያይበት መልክ ደጋግሞ ሊያየው ይገባል። ይህም በጥቂት ቁልፎች በፍጥነት የሚፈጸም ነው።

የሥራው ጥቅም

በምዕራብ ጎጃም በብዙ ስፍራ የእርሻው አፈር አሲዳማ ነው፤ ይህንም ለማረም ኖራ ይጨመርበታል። አንድ መምህር ስለ ኖራ አጠቃቀም 20 ስላይድ አዘጋጅቶ ለተማሮችና ለወላጆች ሊያሳይ አሰበ እንበል። ስላይድ ማለት በየተራ የሚበራው አንዱ ገጽ ነው። በ14ኛው ስላይድ ላይ በአፈር ምርመራ የታወቀው የኖራ ልክ፥ ለምሳሌ 30 ኩንታል ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ገጽ ላይ በኋላ የተጨመረ ሥዕል ዜሮዋን ቢሸፍናት፥ 30 የነበረው 3 ሆኖ ይነበባል። ገበሬው ግን ከግድግዳው ያነበበውን ይዞ ወደ ማሳው ይሄዳል፤ የመምህሩም ስሕተት በአዝመራው ይገለጣል።

ይህ እንዳይሆን እያንዳንዱን እርማት ወዲያው ማየት ያስፈልጋል። ነገር ግን አጭሩን መንገድ የማያውቅ ሰው፥ 14ኛውን ገጽ ባረመ ቍጥር ከመጀመሪያው ተነሥቶ 13 ገጽ ማለፍ ይኖርበታል። ዐሥር ጊዜ ቢያርም 130 ገጽ በከንቱ ያልፋል ማለት ነው። ይህ ድካም ያሰለቸዋልና በመጨረሻ ሳይመለከት ይተወዋል። መብራት በሌለበት ገጠር ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ሰው በዚህ ከጊዜው ጋራ ባትሪውንም ይጨርሳል።

ቁልፎቹና ሥራቸው

በብዙ ስፍራ የሚሠራበት የማሳያ ፕሮግራም ፓወርፖይንት ይባላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 ዓመት ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያ ገዛው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ኤፍ 5። ይህ ቁልፍ ከላይኛው ረድፍ ይገኛል። ሲጫኑት ትምህርቱን ከመጀመሪያው ስላይድ ጀምሮ ያሳያል። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሚደረገው ሙሉ ምልከታ ይጠቅማል።

2ኛ፤ ሺፍትና ኤፍ 5። ሺፍትን ይዞ ኤፍ 5ን ሲጫኑ፥ በዚያው ሰዓት ከሚታረመው ስላይድ ይጀምራል። 14ኛውን የሚያርም ሰው 14ኛውን ወዲያው ያያል። ለአራሚ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

3ኛ፤ ኢስኬፕ። በላይኛው ግራ ማዕዘን ያለው ይህ ቁልፍ ምልከታውን ያቆምና ወደ መሥሪያው ገጽ ይመልሳል። የሚመልሰውም ምልከታው ወደ ቆመበት ስላይድ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱን ያየ ሰው ሳይፈልግ እዚያው ያገኘዋል።

4ኛ፤ ቍጥርና ኢንተር። በምልከታ ላይ ሳሉ 9 ጽፎ ኢንተርን መጫን በቀጥታ ወደ 9ኛው ስላይድ ያደርሳል።

5ኛ፤ የንባብ እይታ። ከመስኮቱ በታች በቀኝ በኩል የተከፈተ መጽሐፍ ምልክት አለ። እርሱን ሲነኩ ስላይዱ መላውን ገጽ ሳይሸፍን በመስኮቱ ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ ሌላ ጽሑፍ ከጎን ከፍቶ ለማመሳከር ይመቻል።

በአንዳንድ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ኤፍ 5 ለድምፅ ወይም ለብርሃን ሥራ ተሰጥቷል፤ በዚህ ጊዜ ኤፍ ኤን የተባለውን ቁልፍ አብሮ መያዝ ነው። በነጻ በሚገኘው በሊብሬ ኦፊስም ኤፍ 5ና ሺፍት እንዲሁ ይሠራሉ። በጉግል ስላይድ ግን ካሉበት ገጽ ለመጀመር ኮንትሮልና ኤፍ 5 ነው። በማኪንቶሽ በፓወርፖይንት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ኮማንድና ሪተርን ነው።

በምልከታ ጊዜ ምን እንደሚመረመር

ቁልፉን መጫን ብቻውን አይበቃም። ስላይዱ በበራ ጊዜ መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ ይራቅ፤ ከዚያ ማንበብ ያልቻለውን ፊደል በኋላ ረድፍ የተቀመጠ ሽማግሌም አያነበውም። ቍጥሮችን አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ጋራ ያመሳክር። ተራ በተራ እንዲወጡ የታዘዙ ቃላትና ሥዕሎች ካሉ፥ መልሱ ከጥያቄው አስቀድሞ እንዳይወጣ ይጠንቀቅ። በመሥሪያው ገጽ ሁሉ በአንድነት ይታያልና ይህ ስሕተት በምልከታ ጊዜ ይገለጣል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ሥርዐት የገባው በፈረንጆች 1999 ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት በተለመደው መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆናል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ያዘጋጀውን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚወስድ መምህር፥ ሰው ከመሰብሰቡ አስቀድሞ በሚያሳይበት ኮምፒዩተር ላይ ዳግመኛ ይመልከት።

ይህ ሥርዐት ለአገሩ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች በታወቁበት በጎጃም፥ ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ከቈጠረ በኋላ በነገራ ጊዜ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ምስጢሩ የላላውን ቤት ያቃናለታል። ሺፍትና ኤፍ 5ም ለስላይድ እንደ ነገራ ናቸው። ልዩነቱ ቁልፉ ስሕተቱን ማሳየት እንጂ ማረም አለመቻሉ ነው፤ የሚያርመው የመምህሩ ዐይን ነው።

መልመጃ

ሀ) 11ኛውን ስላይድ የሚያርም መምህር እርሱኑ ወዲያው ለማየት የትኞቹን ቁልፎች ይጫናል?

ለ) ስሕተቱን ካየ በኋላ ወደ ማረሚያው ገጽ በምን ይመለሳል?

ሐ) በራስ ኮምፒዩተር ላይ መመልከት ብቻውን የማይበቃው ስለ ምንድር ነው?