የትኛው መጠን ይታመን? የሜሞሪ ክልል አያያዝ በሊኑክስ የቲፒኤም ድራይቨር

መግቢያ

ቲፒኤም በመባል የሚታወቀው የደኅንነት ቺፕ የምስጢር ቁልፎችን ይጠብቃል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚጫኑትን ሶፍትዌሮች ልኬትም መዝግቦ ይይዛል። ለቲፒኤም 2.0 ከተደነገጉት የመገናኛ ስልቶች አንዱ ሲአርቢ ይባላል። በዚህ ስልት ድራይቨሩ ትእዛዙን በባፈር ላይ ይጽፍና የማስጀመሪያ ሬጅስተሩን 1 ያደርጋል። ቺፑ ሥራውን ሲጨርስ ሬጅስተሩን ወደ 0 ይመልሳል፤ ድራይቨሩም ምላሹን ያነባል። ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል ለዚህ ስልት የራሱ ድራይቨር አለው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው፣ ስለ ባፈሩ መጠን የሚቀርቡ ሁለት መረጃዎች ሲጋጩ ድራይቨሩ የትኛውን ሊቀበል እንደሚገባ ነው።

የችግሩ ምንነት

የመጀመሪያው መረጃ የሚገኘው ከቁጥጥር ሬጅስተሮች ሲሆን፣ እነርሱም የትእዛዝና የምላሽ ባፈሮችን አድራሻና መጠን ይናገራሉ። ሁለተኛው ፈርምዌሩ በኤሲፒአይ ሠንጠረዦች አማካይነት ለመሣሪያው የዘረዘረው የሜሞሪ ክልል ነው። ሁለቱ ሊስማሙ ይገባ ነበር፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች በሬጅስተሩ የተገለጸው ባፈር ከተዘረዘረው ክልል አልፎ ይገኛል። ቲፒኤሙን በፈርምዌር የሚያቀርቡ አንዳንድ የኤኤምዲ ማሽኖች ደግሞ ለትእዛዝና ለምላሽ የተለያዩ ክልሎችን ይዘረዝራሉ፤ ስለዚህ አንድ ክልል ብቻ ይኖራል ብሎ የተነሣ ድራይቨር አይበቃም።

የግጭቱ ውጤት ቀላል አይደለም። ድራይቨሩ የተዘረዘረውን ክልል በስሙ ካስያዘ በኋላ ያንኑ ክልል በከፊል የሚሻገር አዲስ ቦታ ቢጠይቅ፣ ከርነሉ ቦታው ተይዟል በማለት ይከለክለዋል። በዚህም ቺፑ እያለ ስርዓተ ክወናው ሊጠቀምበት አይችልም፤ በቲፒኤም የታሸገ የዲስክ ቁልፍም በራሱ አይከፈትም።

ሁለት አማራጮች

አንደኛው አማራጭ ቦታውን ሳያስይዙ በቀጥታ ማገናኘት ነው። ይህ ስሕተቱን ያስወግዳል፤ ነገር ግን ሌላ ድራይቨር በዚያው ሜሞሪ ላይ እንዳይጽፍ የሚከላከለውን ጥበቃም አብሮ ያስወግዳል። ሁለተኛው፣ ሊኑክስ የመረጠው፣ የባፈሩን መጠን በተዘረዘረው ክልል ወሰን መቁረጥ ነው። ለምሳሌ ክልሉ ከባይት 0 እስከ 4095 ቢሆን፣ ባፈሩ ከባይት 128 ቢጀምርና ሬጅስተሩ 4096 ባይት ቢል፣ የሚፈቀደው 4095 − 128 + 1 = 3968 ባይት ይሆናል። የመጨረሻው ባይት ራሱ የክልሉ አካል ስለሆነ 1 መደመሩ ሊዘነጋ አይገባም። ድራይቨሩ ልዩነቱን በከርነል መዝገብ ላይ ስለሚያሰፍር የፈርምዌሩ ጉድለት ተደብቆ አይቀርም።

የሁለተኛው አማራጭ ብልጫ ስሕተት ቢፈጠር ከሚያስከትለው ጉዳት ይታያል። ክልሉ ከሚገባው በታች ተዘርዝሮ ከሆነ የሚደርሰው ጉዳት አንድ ረጅም ትእዛዝ ውድቅ መሆኑ ነው፤ ይህም ወዲያው ይታወቃል። የሬጅስተሩ መጠን ከእውነቱ በላይ ሆኖ ከታመነ ግን ድራይቨሩ የሌላ አካል በሆነ ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ተጓዳኝ ቁጥጥሮች

መጠኑን መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። ድራይቨሩ ከትእዛዝ ባፈሩ የሚበልጥ ትእዛዝ አይልክም። ሁለቱ ባፈሮች በአንድ አድራሻ ላይ ከሆኑ መጠናቸው እኩል መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ ሥራ አይጀምርም። ምላሽ ሲቀበልም በ10 ባይቱ ራስጌ የተጻፈውን ርዝመት ይመረምራል፤ ከራስጌው ያነሰ ወይም ከተቀባዩ ቦታ የበለጠ ርዝመት ውድቅ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት የሚወሰደው ትምህርት ለሌሎች ድራይቨሮችም ይሠራል። መሣሪያው ስለ ራሱ የሚናገረው መጠን ጥያቄ እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃዱ በከርነሉ ዘንድ የተያዘው ክልል ነው። አንድ ጊዜ የተቆረጠውም ወሰን ሜሞሪው ሲገናኝ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ መጻፍና ማንበብ ሊከበር ይገባል፤ አለዚያ በአንዱ በር የተከለከለው በሌላው ይገባል።