መልካም የፊልም ዲቪዲ ምን ዓይነት ነው?

የፊልም ዲቪዲ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚመለከተው የሽፋኑን ሥዕል ነው፤ ሽፋኑ ግን ስለ ዲስኩ የሚነግረን ጥቂት ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንውሰድ። በ16 ሚሊሜትር የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን 150 ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ሁሉ በ4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የሚያጭቅ አከፋፋይ ምስሉን አብዝቶ መጭመቅ ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ የፊልሙ ረቂቅ ቅንጣት ይጠፋና የገበሬው ፊት ከማሳው ጋር ይለወሳል። ባለ ሁለት ንብርብሩ፣ 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው፣ ይሻላል። ከቅጂ ቅጂ የተነሣ ከሆነ ግን እርሱም አያድነውም።

ከዚህ የሚበልጠው የቋንቋው ነገር ነው። ዲቪዲ እስከ 32 የግርጌ ትርጉምና እስከ 8 የድምፅ መሥመር ይይዛል። የግርጌው ጽሑፍ በዲስኩ ላይ የሚቀመጠው በሥዕል መልክ ነውና ማጫወቻው ፊደላችንን ባያውቅም ያሳየዋል። እንግዲህ ለኽምጣና ቦታ የለም ማለት ሰበብ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ለኒሯቅ እናቶች ደግሞ ከድምፅ መሥመሮቹ አንዱ ይበቃቸዋል፤ ተርጓሚም ከመካከላችን አይጠፋም።

ቃለ ምልልሱና ፎቶግራፉ መልካም ጭማሪ ነው፤ የምስሉን ቦታ የሚሻማ ከሆነ ግን በሁለተኛ ዲስክ ይውጣ።