ትዳር ሲፈርስ የልጆች አስተዳደግ እንዴት ይሁን?

ጋብቻ ከቤተ ክርስቲያናችን ምሥጢራት አንዱ በመሆኑ፣ የባልና የሚስት መለያየት በመካከላችን ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ሆኖም በስደት ምድር በምንኖር ምእመናን ዘንድ ትዳር የሚፈርስበት ጊዜ መኖሩን መካድ አንችልም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ትዳር ለምን እንደሚፈርስ ሳይሆን፣ ከፈረሰ በኋላ ልጆች በማን እጅና በምን ሥርዓት ሊያድጉ እንደሚገባ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በሚጠራው በፌርፋክስ ጎዳናና በሚራክል ማይል አካባቢ ለምንኖር ቤተሰቦች፣ የአገር ቤቱ ልማድና የካሊፎርኒያ ሕግ የሚገናኙት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ሽምግልናና ፍርድ ቤት

በአገራችን ባልና ሚስት ሲጋጩ ጉዳያቸው በቅድሚያ በሽማግሌ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንን ልማድ ተቀብሎ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ዳኞች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አደረገ፤ ፍርድ ቤቱም ፍቺውን ሲወስን የልጆችን አጠባበቅ፣ ትምህርት፣ ጤንነትና ቀለብ፣ እንዲሁም ከወላጆቻቸው ጋር የሚገናኙበትን ሁኔታ አብሮ እንዲወስን በአንቀጽ 113 አዘዘ። እንግዲህ በአገር ቤትም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የሽማግሌዎች መሆኑ ቀርቷል።

በካሊፎርኒያ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፍቺ ለማግኘት የሌላውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም። ሽማግሌዎቻችን ሌሊቱን ሙሉ የሚመረምሩትን «ማን በደለ?» የሚለውን ጥያቄ ዳኛው ፍቺውን ለመወሰን አይጠይቅም። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር በሕግ የተፈጸመ ጋብቻ እዚህም የጸና ነው። ከተጋቢዎቹ አንዱ በክፍለ ግዛቱ 6 ወር፣ በአውራጃው 3 ወር ከኖረ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ለሌላው ወገን ከደረሰው በኋላ 6 ወር ሳይሞላ ጋብቻው አያበቃም። ወረቀቱ የደረሰው ሰው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። በንዴት ወይም በኀፍረት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የሚጥል ወላጅ፣ ስለ ልጆቹ እርሱ በሌለበት ሊወሰን እንደሚችል ይወቅ።

ሕጉ ልጅን የሚመለከትበት መንገድ

ልጅን የማሳደግ መብት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ አስተዳደጉ የመወሰን መብት ነው፤ ሁለተኛው ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ነው። ሁለቱም ለአንዱ ወላጅ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ ሊሰጡ ይችላሉ። ከመካከላችን «ልጅ የአባት ነው» የሚል አለ፤ «እዚህ አገር ሁሉም ለእናት ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሕጉ በጾታ አያዳላም፤ መለኪያው የልጁ ጤንነት፣ ደኅንነትና ጥቅም ነው። 14 ዓመት የሞላው ልጅ መናገር ከፈለገ፣ ዳኛው ይጎዳዋል ብሎ ካልወሰነ በቀር ይሰማል፤ የመወሰን ሥልጣን ግን የዳኛው ነው።

ወላጆች ካልተስማሙ፣ ዳኛ ፊት ከመቆማቸው በፊት የፍርድ ቤቱ አስታራቂ ዘንድ ይቀርባሉ። አገልግሎቱ ክፍያ የለበትም፤ በሎስ አንጀለስ በዚያ የተነገረው በምሥጢር ይጠበቃል። አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በክሊኒክና በባንክ ልጆቻችንን አስተርጓሚ ማድረግ ለምደናል፤ በወላጆቹ ክርክር መካከል ግን ልጅን ማስተርጎም ከባድ ጉዳት ነው።

የሽማግሌዎች ድርሻ

ይህ ማለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች ድርሻ የላቸውም ማለት አይደለም። ወላጆች በሽማግሌ ፊት ከተስማሙ ስምምነቱ በጽሑፍ ይስፈር፣ ሁለቱም ይፈርሙበት፣ በዳኛም ይጽደቅ። በቃል የቀረ ስምምነት እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይጸናም። በጽሑፉም የእኛ በዓላት በስማቸው ይጠቀሱ፤ የአሜሪካውን ታኅሣሥ 25 ቀን ብቻ የሚጠቅስ ስምምነት፣ ጃንዋሪ 7 ቀን የሚውለውን ገናን፣ ጥምቀትን፣ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ የሚለየውን ፋሲካችንን ሁሉ ለክርክር ይተዋቸዋል።

ድብደባ ባለበት ቤት ግን ሽማግሌ «ታገሺው» ብሎ መመለስ አይገባውም። በካሊፎርኒያ ሕግ፣ ባለፉት 5 ዓመታት የትዳር ጓደኛውን መደብደቡ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት ወላጅ፣ ልጅ ሊሰጠው አይገባም የሚል ግምት ይወሰድበታል፤ ግምቱን ማፍረስም የእርሱ ሸክም ነው። የተደበደበው ወገን አስታራቂውን ለብቻው እንዲያነጋግር መጠየቅ ይችላል።

ልጅን ወደ አገር ቤት ስለ መላክ

በጭንቅ ጊዜ «ለአያቱ እልከዋለሁ» ማለት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የፍቺ ማመልከቻ ካስገቡበትና መጥሪያው ከደረሰ ጊዜ አንሥቶ ግን፣ ያለ ሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ያለ ዳኛ ትእዛዝ ልጅን ከክፍለ ግዛቱ ማውጣትም፣ አዲስ ፓስፖርት ማመልከትም በሁለቱም ላይ የተከለከለ ነው። የሌላውን ወላጅ መብት ለማሰናከል ልጅን ከአሜሪካ ማስወጣት በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌዴራል ሕግ እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የተወሰዱ ልጆችን ስለ መመለስ የተደረገው የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተወሰደን ልጅ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሥጋት ያለው ወላጅ ልጁ ከመሄዱ በፊት ለዳኛው ያመልክት።

ይህ ጽሑፍ የጠበቃን ምክር አይተካም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው በመሃል ከተማ በሚገኘው የስታንሊ ሞስክ ፍርድ ቤት ነፃ የምክር አገልግሎት ያገኛል፤ የመክፈያ አቅም ለሌለውም የማመልከቻው ክፍያ እንዲነሣለት መጠየቅ ይቻላል።

ንጉሥ ሰሎሞን እውነተኛይቱን እናት የለያት ልጁ ለሁለት እንዳይከፈል በመለመኗ ነበር። እኛም ምእመናን፣ የተለያዩ ወላጆች በአንድ ቅዳሴ ሲገናኙ ለአንዱ ወግነን ሌላውን አናግልል፤ ልጁንም «ከማን ጋር መሆን ትወዳለህ?» እያልን አናስጨንቀው። የሚከፈለው ሀብት ይከፈል፤ ልጁ ግን እናቱንም አባቱንም ሳይፈራ የሚወድድበት ቦታ በመካከላችን ይኑረው።