የከረመ ሁሉ አይወደድም

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል የሚለው አባባል ብዙ ገዢ ያሞኛል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም የሚናገረው ግማሹን እውነት ብቻ ነው። ጊዜ ጤነኛውን ወይን ጠጅ ያለሰልሰዋል፤ በሽተኛውን ግን አያድነውም፣ እንዲያውም ሕመሙን ያወጣበታል። ስለሆነም የከረመ ቀይ ወይን ጠጅ በሣጥን ለመግዛት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከመለያው ወረቀትና ከምርት ዘመኑ ባሻገር አንድ ጥያቄ ማንሳት ይኖርበታል። ይኸውም፣ ጉድለት ቢገኝ ጉድለቱ የአንዱ ጠርሙስ ነው ወይስ የመላው ሣጥን? የሚለው ነው።

ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በፈረንሳይ ከሮን ወንዝ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል የሚወጣው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ከአካባቢው ስሞች በገበያ ይበልጥ የሚታወቀው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ሲሆን፣ ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1936 በሕግ ተከልሏል። ጎረቤቶቹ ዢጎንዳስ በ1971፣ ቫኬራስ ደግሞ በ1990 የራሳቸውን ስያሜ አግኝተዋል። ሦስቱም በአብዛኛው የሚጠመቁት ግሬናሽ ከተባለው የወይን ዝርያ ሲሆን፣ ሲራና ሙርቬድር የተባሉት ይታከሉበታል።

ግሬናሽ ፀሐይ ወዳድ ነው። ሲበስል ስኳሩ ይበዛል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ የአልኮል መጠኑም 14 እና 15 በመቶ ይደርሳል። ገዢውን የሚስበው ይኸው ሙላቱና ሙቀቱ ነው። ነገር ግን ለብልሽት በር የሚከፍተውም ይኸው ጠባዩ ነው። ሳይፈላ የቀረ ጥቂት ስኳር ለጎጂ እርሾ ቀለብ ይሆናል። አሲዱ ዝቅ ሲል ደግሞ ለመከላከያነት የሚጨመረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ኃይሉ ይዳከማል። በዚያ ላይ ግሬናሽ በአየር ቶሎ የሚጠቃ ዝርያ ነው።

ከመጥመቂያው የሚመጣ ጉድለት

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ነው፤ በንግዱ ዓለም ባጭሩ ብሬት ይሉታል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ የዴንማርኩ ተመራማሪ ክላውሰን ከእንግሊዝ ቢራ ጋር በማያያዝ የብሪታኒያ እርሾ እንደማለት ሰይሞታል። ይህ እርሾ በአሮጌ የእንጨት በርሜሎች ቀዳዳዎች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ሥራውን ሲጀምር ኢታይል ፌኖል የሚባሉ ውሕዶችን ያወጣል። ሽታቸው የፈረስ ጋጣን፣ የቁስል ፕላስተርን፣ አንዳንዴም ጢስንና ቅርንፉድን ያስታውሳል። በፈረንሳይ በተደረጉ ጥናቶች መሠረት የእነዚህ ውሕዶች መጠን በአንድ ሊትር ወደ 425 ማይክሮግራም ሲደርስ አፍንጫ ይለያቸዋል።

እዚህ ላይ ገበያው ራሱ ተከፋፍሏል። ጥቂቱን ብሬት የአገሩ መልክ ነው፣ የቆዳና የጢስ ቃና ይሰጣል ብለው የሚወዱ ጠጪዎች አሉ። ለነጋዴው ግን ሁለት አደጋ አለው። አንደኛ፣ ወይን ጠጁ ሳይጣራ ከነሕያው እርሾው ከታሸገ፣ እርሾው በጠርሙሱ ውስጥ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። በመሆኑም በአንድ ቀን የታሸጉ ሁለት ሣጥኖች፣ አንዱ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ሌላው በሞቃት መጋዘን ቢቀመጡ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ጊዜ የፍራፍሬውን መዓዛ ሲወስድ የብሬቱ ሽታ ብቻውን ይቀራል። በወጣትነቱ የተሸፈነው ነገር በእርጅናው ይገለጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከመጥመቂያው የሚመጣ ጉድለት ኮምጣጣነት ነው። አየር ያገኙ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አብሮም የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ ይፈጠራል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለቀይ ወይን ጠጅ የተፈቀደው ጣሪያ በአጠቃላይ በአንድ ሊትር 1.2 ግራም አካባቢ ነው። ይህም ጉድለት ቢከርም አይጠፋም።

ከጠርሙሱ የሚመጣ ጉድለት

የቡሽ ብልሽት የሚባለው የተለየ ነገር ነው። ምክንያቱ ቲሲኤ በሚል ምኅጻር የሚታወቅ፣ ሻጋታ ከክሎሪን ውሕዶች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ውሕድ ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የተለየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአንድ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ወይኑን የረጠበ ካርቶን ያሸተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው መጥፎ ቡሽ የደረሰውን አንድ ጠርሙስ ነው። መጥመቂያው ራሱ ከተበከለ ግን ጉዳቱ ወደ ብዙ ጠርሙሶች ሊዛመት ይችላል።

በአየርና በሙቀት የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ሳይከፈት ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ከፍ ያለ ቡሽ፣ በአንገቱ ላይ የፈሰሰ ምልክት፣ የጎደለ ወይን ማስጠንቀቂያ ናቸው። የሮን ጠርሙስ ትከሻው ተዳፋት ስለሆነ የጉድለቱ መጠን ከቡሹ በታች በሴንቲሜትር ይለካል። ለ20 ዓመት ጠርሙስ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋው ላይ መከራከር ይገባል። በቀለሙ ብቻ ግን አይፍረዱ፤ ግሬናሽ ጤነኛ ሆኖም ቶሎ ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል።

ሒሳቡ

እንበል 12 ጠርሙስ የያዘ ሣጥን በ1,200 ዩሮ ገዙ። አንዱን ከፍተው የረጠበ ካርቶን ቢሸትዎ አይደንግጡ፤ ሁለተኛውን ይክፈቱ። ጤነኛ ከሆነ 10 ጠርሙስ ይቀርዎታል፤ የእያንዳንዱ እውነተኛ ዋጋም 100 ሳይሆን 120 ዩሮ ሆነ። ኪሳራው የታወቀ ነው። ሁለቱም ጋጣ ጋጣ ከሸተቱ ግን ጥያቄው የ200 ዩሮ ሳይሆን የ1,200 ዩሮ ነው፤ ቀሪዎቹ 10 ከዚያው በርሜል ወጥተዋልና።

በዚህ ጊዜ ሻጩ "ገና ልጅ ነው፣ ጥቂት ይቆይ" ሊልዎ ይችላል። ምላስን የሚይዘው ጭብጥነት በእርግጥ በዕድሜ ይለዝባል። ብሬት፣ ኮምጣጣነትና የቡሽ ሽታ ግን የልጅነት ጠባይ አይደሉም፤ አያድጉባቸውም።

ስለዚህ ብዙ ሣጥን የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ያድርግ። ወይኑ ከታሸገ ጀምሮ የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቅ። ከአንድ በላይ ጠርሙስ አስከፍቶ ይቅመስ። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነም የኢታይል ፌኖልና የአሴቲክ አሲድ መጠኑን በላቦራቶሪ ያስመርምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ ገበያ ግን የተደበቀውን በሽታ ዋጋ የሚከፍለው በሽተኛው ሳይሆን ገዢው ነው።