ጥርስን የሚያቆመው አጥንት

ፍየል የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ምን ያያል? አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። በአዋሽ አርባና በአካባቢው ፍየልና ግመል የሚያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጥርሷ የወለቀ ፍየል እንደ ልቧ አትበላም። ስለዚህ ትከሳለች፤ ዋጋዋም ይወርዳል።

ታዲያ ጥርስ ለምን ይነቃነቃል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥርሱ አይደለም። ጥርስ እንደ ቤት ቋሚ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ ይቆማል። ጎርፍ አፈሩን ሲጠርገው ቋሚው ይዘማል። ጥርስም ሥሩን የያዘው አጥንት ሲያልቅ ይነቃነቃል፤ በመጨረሻም ይወልቃል። ይህ በእንስሳም በሰውም ይደርሳል።

አጥንቱን የሚጨርሰው ምንድን ነው? ስዊድናዊው የጥርስ ሐኪም ያን ሊንድሄና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትን ጥናት እንመልከት። ቢግል የሚባሉ ውሾችን በሁለት ከፈሉ። የአንደኛው ወገን ጥርስ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይቦረሽ ነበር። የሌላው አልተቦረሸም። 4 ዓመት ተከታተሏቸው። የተቦረሸላቸው ውሾች ድድ ጤነኛ ሆኖ ቆየ። ካልተቦረሸላቸው ውስጥ ግን በአብዛኞቹ ድዱ ታመመ፤ ጥርስን የያዘው አጥንትም አለቀ።

ጥርሱ የወለቀ ሰው ዛሬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊተከልለት ይችላል። ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ፣ ብሎን የሚመስል ሥር በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ይገባል። በላዩም ጥርስ ይገጠማል። ይህም ዕውቀት የመጣው ከእንስሳ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደም ዝውውርን ሊያጠና በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ትንሽ የቲታኒየም መሣሪያ አስገባ። ጨርሶ ሊያወጣው ሲል እምቢ አለው። አጥንቱ ከቲታኒየሙ ጋር ተጣብቆ ነበር። በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለው።

ይሁን እንጂ ቲታኒየም ባይበሰብስም የያዘው አጥንት ሊያልቅ ይችላል። ይህን ለማጥናት ተመራማሪዎች ሥሩን በውሻ መንጋጋ ይተክላሉ። አጥንቱ ከያዘው በኋላ በድዱ ጠርዝ ዙሪያውን ክር ያስሩበታል፤ መቦረሹንም ያቆማሉ። እድፍ ይጠራቀማል፤ ተሐዋስያን ይራባሉ፤ ድዱ ይቆጣል። አጥንቱ ምን ያህል እንደቀነሰ በራጅ ይለካሉ። በ1992 በወጣ እንዲህ ያለ ጥናት፣ በተፈጥሮ ጥርስ ዙሪያ ጤነኛ ሥጋ ሕመሙን ከአጥንቱ ለይቶት ተገኘ። በተተከለው ዙሪያ ግን ሕመሙ እስከ መቅኒው ዘልቆ ነበር።

ውሻ ለምን ተመረጠ? መንጋጋው ለሰው የተሠራውን ሥር ለመቀበል ይበቃል። የድድ በሽታም እንደ ሰው በራሱ ይይዘዋል። የአይጥ አፍ ግን በጣም ትንሽ ነው። ቢሆንም ውሻ ሰው አይደለም። በክር ምክንያት በጥቂት ወራት የሚመጣው ጥፋት፣ በሰው አፍ ውስጥ በዓመታት ቀስ ብሎ ከሚመጣው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱ መንገድ ያሳያል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም።

ጤነኛ እንስሳን ማሳመምስ ተገቢ ነወይ? ጥያቄው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሦስት ደንብ አወጡ። በሌላ መንገድ ማወቅ ከተቻለ እንስሳ አይነካ፤ ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ፤ ሥቃዩም ይቃለል። በእንስሳ ሥቃይ የተገኘን ዕውቀት ሳይጠቀሙበት መቅረት ግን ትልቅ ብክነት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጥርሳችንን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በመፋቂያ ወይም በቡሩሽ እናጽዳ። በተለይ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን ቦታ አንርሳ። ድዳችን ሲደማ «አያመኝም» ብለን አንተወው፤ አጥንት ሲያልቅ ብዙ ጊዜ አያምምና። የተተከለ ጥርስ ያለውም ሰው እንደዚሁ ያጽዳ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ በውኃ ውስጥ ካለ ፍሎራይድ የተነሣ ጥርስ ቡናማ ይሆናል። ይህ ቀለም በመቦረሽ አይለቅም። ስለ ቀለሙ ብለን መቦረሽን አንተው፤ የምንጠብቀው ድዱንና አጥንቱን ነው።

ጥያቄዎች
1. ጥርስ የሚነቃነቀው ለምንድን ነው?
2. በ1975 በወጣው ጥናት በሁለቱ ወገን ውሾች መካከል ምን ልዩነት ታየ?
3. ሦስቱን ደንቦች ዘርዝሩ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተወያዩበት።